የሌኒንግራድ ተራ

ይርጋን የሰደበው መምህር በለጠ ነው። ቀኑ የደብረ ዘይት ማግስት ሰኞ፣ ሰዓቱ ከእረፍት መልስ ያለው የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ፣ ቦታው ስምንተኛ «ለ» ክፍል ነበር። ይርጋ ሌላ ሌላውን ይረሳ ይሆናል፤ ይህን ግን አይረሳም። መምህሩ ጠመኔውን በሁለት ጣቶቹ መካከል እንደ ሲጋራ ይዞት እንደነበር፣ የካኪ ኮቱ ክርን ተልጦ እንደነበር፣ ስድቡን ከመናገሩ በፊት ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አይቶ ፈገግ እንዳለ ያስታውሳል። ከሁሉም በላይ መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ያስታውሳል። መጀመሪያ የሳቀው አጠገቡ የተቀመጠው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዴስክ የተጋራው ፈንታው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወዳጅነቱ ሞቅ ያለ ነበርና፣ ከወሎ ክፍለ ሀገር የሚመረጡ ተማሪዎች በክረምቱ እረፍት ሌኒንግራድ የምትባለውን ከተማ እንዲጎበኙ ተፈቀደ የሚል ወሬ ቆቦ ደረሰ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ይመረጣል፤ የተመረጠው ደሴ ወርዶ ይወዳደራል፤ ደሴ ያለፈ አውሮፕላን ይሳፈራል። መምህር በለጠ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ወንዝ ሣለ፣ ከወንዙ የሚወጡ ብዙ ቦዮች ሣለ፣ በቦዮቹ ላይ ድልድይ ደረደረ።

«ይህች ከተማ ጥንት ረግረግ ነበረች» አለ። «ንጉሡ ቦይ አስቆፍሮ፣ ድንጋይ አስነጥፎ ከተማ አደረጋት። መወዳደር የሚፈልግ ሰው የጉዞ እቅድ ያቀርባል። ከቆቦ ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ በምን ይሄዳል፣ ምን ይይዛል፣ የት ያድራል፣ ምኑን አስቀድሞ ምኑን አስከትሎ ያያል። የፊታችን ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ቆሞ በቃሉ ይናገራል። ጥያቄ ያለው?»

ይርጋ እጁን አወጣ። ቆቦ ተወልዶ ያደገ ሰው በክረምት ልትሄድ ነው ሲሉት መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መሻገሪያ ነው። ወንዝ ሞልቶ ገበያተኛ ከነአህያው ማዶ ሲያድር፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ የጎርፍ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ያየ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ የሚኬደው በክረምት ከሆነ ቦዮቹ ሞልተው መሻገሪያ አይጠፋም ወይ? ማደሪያችንስ ከየትኛው ማዶ ነው የሚሆነው?»

መምህሩ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ያየውና ፈገግ ያለው ያኔ ነው።

«ስሙት እንግዲህ። እኔ ስለ ሌኒንግራድ አወራለሁ፣ እሱ ስለ ጓሮው ቦይ ይጠይቀኛል። ስማ ልጄ፣ አንተ እግርህን ጭቃ ውስጥ ተክለህ ያደግህ ነህ። ላንተ ቦይ ለማሳየት መንግሥት ነዳጅ ማቃጠል የለበትም። አካፋህን ያዝና ከቤታችሁ ጀርባ ውረድ። ሌኒንግራድህ እዚያው ነው።»

ፈንታው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ፈነዳ።

ቅጽል ስሙ እስከ ረቡዕ ከተማውን አዳረሰ። ሦስተኛ ክፍል ያሉ ውርጋጦች ሳይቀሩ «ሌኒንግራድ፣ ሌኒንግራድ» እያሉ ከኋላው ይከተሉት ጀመር። እህል ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ሲገባ ወፍጮኛው «ሌኒንግራድ፣ ተራህ ደርሷል» አለው። ይርጋ ጥርሱን ነክሶ ቁናውን አቀበለ። ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ነው፤ ለሱ ግን ቀልድ አልነበረም። አባቱ ሚሊሽያ ተብሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ በዚያ ቦይ ላይ አካፋ ይዞ የቆመው እሱ ነው። እናቱ የሺና ታናናሾቹ የበሉት ማሽላ ከዚያ ጭቃ የወጣ ነው። መምህር በለጠ ያንን ማሽላ ገበያ ላይ ሲገዛ ጭቃው አልሸተተውም።

እናም ተመዘገበ። መጀመሪያ የተመዘገበው ሌኒንግራድን ለማየት ጓጉቶ አልነበረም፤ ያንን ሳቅ መልሶ አፋቸው ውስጥ ሊከትተው ነበር። ኋላ ግን፣ ስለ ጉዞው ሲጠይቅና ሲያስብ ሰንብቶ፣ የምር ፈለጋት። መፈለጉ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። የምትፈልገው ነገር ሲኖር ሰው የሚይዝህበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቡታጋዝ የሚጠግን ይሁኔ የሚባል ሰው አለ። አስር አለቃ ነበር። ታንክ ጥገና እንዲማር ሩሲያ ተልኮ ሌኒንግራድ ከርሟል፤ ከግንባር የተመለሰው ግን እያነከሰ ነው። ይርጋ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሄደና ፊቱ ቆመ።

«አስር አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ያ ሌኒንግራድ የሚሉህ ልጅ ነህ?»

ይርጋ ዞሮ ሊሄድ ነበር።

«ና ተመለስ። ኩርፊያ ይዘህ የትም አገር አትደርስም። ቁጭ በል፤ እዚያች ጣሳ ላይ።»

ይርጋ ተቀመጠ። ይሁኔ የቡታጋዙን አፍንጫ በቀጭን ሽቦ እየጎረጎረ ያወራው ጀመር።

«ሹራብ ያዝ።»

«በሐምሌም?»

«በሐምሌም። ከውሃው የሚነሳው ነፋስ ሐምሌ አያውቅም። ከሞስኮ በባቡር ስትሄድ ሻይ ይሸጡልሃል፤ የሚበላ ነገር ግን ከቤትህ ያዝ። ቆሎ አትናቅ፤ እኔን መንገድ ላይ ያቆየኝ ቆሎ ነው። ሐምሌ ላይ ፀሐይዋ ለመጥለቅ ትለግማለች። መሽቷል ብሎ የሚነግርህ ሆድህ ብቻ ነው። እሷን አምነህ ስትዞር እንዳትቀር ግን ተጠንቀቅ፤ ሌሊት መርከብ እንዲያልፍ ትልልቆቹን ድልድዮች ወደ ላይ ያነሷቸዋል።»

«ድልድይ ይነሳል?»

«እንደ ሳጥን ክዳን ከመሃል ይከፈታል። ማዶ ከቀረህ ቀረህ። አንድ ቀን እኔና አንድ የጎንደር ልጅ ማደሪያችንን ከወንዙ ወዲያ አይተነው ድልድዩ ስር ተኮራምተን አደርን።»

ይርጋ ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

«ሌላ ደግሞ» አለ ይሁኔ፣ «እዚያ አገር ለዳቦም ለቲያትርም ሰልፍ ነው። ስትደርስ መጨረሻው ማነው ብለህ ትጠይቃለህ። እኔ ነኝ ያለህን ሰው ተራህን አስይዘኸው ጉዳይህን ጨርሰህ ብትመለስ ቦታህ እንዳለ ነው።»

«ማንም አይወስድብኝም?»

«ማን አባቱ ነው የሚወስደው።»

«እንደኛ ናቸዋ» አለ ይርጋ።

የነሱም ቦይ እንዲሁ ነው። ዝናቡ በስተምዕራብ ተራራው ላይ ሲጥል፣ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ እንኳ፣ ጎርፉ ደረቁን ወንዝ እያገሳ ይወርዳል። ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ይጠልፈውና ወደ ቦይ ያስገባዋል። ከዚያ በተራ ነው። የውሃ አባት የሚባሉት አያ አላምረው ከላይኛው ማሳ እስከ ታችኛው እየዞሩ ያዳርሳሉ። ተራው ሲደርስ አካፋ ይዞ የማሳው አፍ ላይ ያልቆመ ሰው ይታለፋል፤ ውሃው አይጠብቀውም። ሰው ግን ለቅሶም አለበት፣ ስብሰባም ይጠራል። እንዲያ ሲሆን ጎረቤቱን «ተራዬን ያዝልኝ» ይለዋል። ጎረቤቱም «ያዝኩልህ» ይላል። ሌላ ቃል የለም። ያዝኩልህ ብሎ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ የመለሰ ሰው አለ ሲባል ይርጋ ሰምቶ አያውቅም። ቢኖር ኖሮ ሬሳውን የሚሸከምለት አያገኝም ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፈንታው ከኋላው እየሮጠ ደረሰበት።

«አኩርፈሃል አይደል?»

«አላኮረፍኩም።»

«ሳቁ አመለጠኝ እኮ። የሱ ፊት ነው ያሳቀኝ እንጂ አንተ አይደለህም። በማርያም።»

ይርጋ መንገዱን ቀጠለ። ፈንታውም አጠገቡ ሄደ። የነፈንታው ቤት አስፋልቱ ዳር ነው፤ መታጠፊያው ሲደርስ ግን አልታጠፈም፤ እስከ ቦዩ ድረስ ተከተለው። አጎቱ ከነይርጋ ማሳ ጎን የሚያርስ በመሆኑ ሁለቱም ትንሽ ሆነው እዚያ ጭቃ ላይ ተንከባልለዋል። ሲቆይ የይርጋ ልብ ላላ። ለስምንት ዓመት ጓደኛ ልብ ሲላላ ማን ይፈርዳል?

«አንተም ትወዳደራለህ?» አለው።

«እኔ? አባቴ እዚህ ለአላማጣ እንኳ አይፈቅድልኝም። ይልቅ ያንተን አሰማኝ፤ ነገ እንዳትደነጋገር።»

ይርጋ አሰማው። ከቆቦ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ፎቶና የክትባት ወረቀት አስቀድሞ መጨረስ፣ ከሞስኮ በባቡር፣ ሹራቡን፣ ቆሎውን፣ የማትጠልቀውን ፀሐይ፣ ሰልፉን፣ የሚነሱትን ድልድዮች። ፈንታው አልፎ አልፎ «ድገመው እስቲ» ይለው ነበር። ይርጋ ደገመለት።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ» አለ ይርጋ። «ድልድዩ ከተነሳ እንዴት ነው ከተማዋን ሁለት ማዶ አድርጌ የማያት? እሱን ገና አልጨረስኩትም።»

«ተወው፣ ማን ይጠይቅሃል። ሸጋ ነው።»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ይርጋ እናቱ ያጠበችለትን ሸሚዝ እየለበሰ ሳለ፣ የአያ አላምረው ጥሪ ከላይ ተሰማ። ጎርፍ ወርዷል። የበልጉ የመጀመሪያው ጎርፍ ነበር፤ እሱ ያመለጠው ሰው ማሽላውን በጠፍ መሬት ላይ እንደ ዘራ ይቆጠራል።

የሺ አካፋውን ከግድግዳው አነሳች። «አንተ ተማሪ ቤት ሂድ። እኔ እቆማለሁ።»

«አምና ቆመሽ አይተነዋል። ጠርዙ ተንዶ ውሃው ደረትሽ ደረሰ።»

«ዘንድሮ አይናድም።»

«እማዬ፣ አምጪው።»

እሷም አላመጣችም፤ እሱ ተቀበላት። ሸሚዙን አውልቆ እንጨት ላይ ሰቀለው። አሮጌውን ለብሶ ሲወጣ ፈንታው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ ሲመጣ መንገድ ላይ አገኘው። እኔን ሊያይ መጣ ብሎ ይርጋ ደስ አለው።

«ፈንታው፣ ጎርፍ መጥቷል። ኮሚቴውን ንገራቸው፤ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ። ተራዬን ያዝልኝ።»

«ያዝኩልህ» አለ ፈንታው።

ይርጋ ሮጠ። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ለምን ያያል?

ውሃው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመ ሆኖ መጣ። አያ አላምረው ከላይ ሆነው «ይርጋ፣ ጠርዙን ደግፍ፣ ጠርዙን» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ አፈር ይቆልላል። እየቆለለ፣ ያቺ የቀረችው ነገር ከየት መጣች ሳይባል መጣችለት። ከወንዙ ወዲያ ያለውን የከተማዋን ክፍል እንዳለ በአንድ ቀን፣ ማደሪያው ያለበትን ወገን በሌላ ቀን ማየት ነው። አንድ ቀን ውስጥ ሁለቱን ማዶ አለመቀላቀል፤ ሩቁን በማለዳ ጀምሮ ወደ ማደሪያው እየቀረቡ መምጣት። ልክ ውሃ ሲያጠጡ የላይኛውን ሳይጨርሱ የታችኛውን እንደማይከፍቱት ነው። ቀላል ነበር። ብቻውን ሳቀ። ጭቃ አፉ ውስጥ ገባ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርስ ቀትር አላለፈም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። የኮሚቴው ሰዎች ግን ከክፍሉ እየወጡ ነው፤ መምህር በለጠ፣ የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ታምሬና ሌላ አንድ ሰው። መምህሩ እጁን ፈንታው ትከሻ ላይ ጥሏል። ፈንታው ጫማውን ያያል።

«ጋሼ፣ ጎርፍ ይዞኝ ነው። አሁን ላቅርብ?»

«አንተ ምን ታቀርባለህ?» አለ መምህር በለጠ። «መልእክትህ ደርሶናል። ቦዬ ይበልጥብኛል ብለሃል። እኔም ሰኞ ዕለት የነገርኩህ ይህንኑ ነው።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አልክ አላልክ፣ ውድድሩ አልቋል። ፈንታው አኩርቶናል፤ ደሴ የሚወርደው እሱ ነው።»

ይርጋ ፈንታውን አየው። ፈንታው አሁንም ጫማውን ያያል። ታምሬ ትንሽ እፍር ያለ መሰለ፤ ግን ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

ደረጃው ላይ የክፍል ጓደኛቸው ሰይዳ ተቀምጣ ነበር። እሷም ተወዳድራ ወድቃለች። መሐረቧን ጎትታ አስተካከለችና እንዲቀመጥ ቦታ ለቀቀችለት። አልተቀመጠም።

«ምን አለ?» አላት።

«ምን ያላለው አለ? ወላሂ ከቆሎው ጀምሮ ያንተ ነው። ሹራብ በሐምሌም ሲል፣ ይህ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ሹራብ የሚያስበው አልኩ። ፀሐይዋ ትለግማለች ሲልማ መምህሩ እንዴት ያለ አነጋገር ነው ብሎ አጨበጨበለት።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«አልኩ እንጂ። ይህ የይርጋ አነጋገር ነው አልኩ። መምህሩ አንቺ ተራሽን ጨርሰሻል፣ ተቀመጪ አለኝ። ታምሬ ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ድልድዩ ከተነሳ፣ ማደሪያህ አንዱ ማዶ ከሆነ፣ ከተማዋን እንዴት ከፋፍለህ ታያለህ አለው። ዱዳ ሆነ። መምህሩ ነው ደሴ ላይ ይመልሳታል ብሎ ያዳነው።»

ይርጋ እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈቀፈቀ ከግቢው ወጣ።

ሰኞ መምህራን ክፍል ሄዶ ነገሩን ተናገረ። መምህር በለጠ ሻይ እየጠጣ ሰማው። ሲጨርስ «ውድድር ላይ ያልተገኘ ሰው እቅድ የለውም» አለው። ሌሎቹ መምህራን ወረቀታቸውን አገላበጡ። አንዲቱ መምህርት፣ ቆንጅት፣ ቀና ብላ አይታው መልሳ አቀረቀረች። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ንዴት ብቻ ነበር። ማሳ ሲያርስ ይናደዳል፣ ሲበላ ይናደዳል፣ ቁጥር ሲያሰላ ይናደዳል። ከመምህሩ ስድብ ይልቅ «ያዝኩልህ» የሚለው የፈንታው ቃል ጆሮው ውስጥ ይንጫጫል። እንዴት ቀለል አድርጎ ነው ያላት። ዴስክ ቀየረ። ፈንታው ሁለት ጊዜ በሰይዳ በኩል «እንነጋገር» ብሎ ላከበት፤ ሁለቱንም ጊዜ «አልሰማሁም በይው» አላት።

ያኔ ነው አንድ ነገር ያሰበው። ሰይዳ ነች ወሬውን ያመጣችለት፤ ደሴ ያለው ኮሚቴ ውስጥ እዚያው ሌኒንግራድ ተምሮ የመጣ ሰው አለ። ታምሬ የጠየቃትን ጥያቄ እዚያም መጠየቁ አይቀርም። ፈንታው ደግሞ መልሱን አያውቅም። ስለዚህ ይመጣል። ሲመጣ ይርጋ ይነግረዋል። ድልድዮቹ የሚነሱት በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት ነው ይለዋል። ስለዚህ ማለዳ አንዱን ማዶ፣ ምሳ በልቶ ድልድዩ ሲወርድ ሌላውን ማዶ፣ ማታ ደግሞ እንደልብህ ተሻገር ይለዋል። አሳምሮ ሠራት። ሰልፉን ጨመረባት፤ ጀልባ ጨመረባት፤ እውነት እስክትመስል አሻት። ፈንታው እዚያ ሰውዬ ፊት ቆሞ ይህን ሲናገር፣ ሰውዬው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አይቶ ፈገግ ሲል ይታየው ነበር። መምህር በለጠም አጠገቡ ይቀመጣል። ያን ቀን የሚሳቀው በነሱ ነው። ይርጋ ይህን ባሰበ ቁጥር ሆዱ ውስጥ አንድ የሚጣፍጥ ነገር ይሟሟል።

መጡ። ግን ፈንታው ብቻውን አልመጣም።

ይርጋ ከሰዓት በኋላ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጎርፉ የተወውን ደለል እያወጣ ነበር። ቀና ሲል ሁለቱ በጠርዙ ላይ ቆመዋል። መምህር በለጠ ሱሪውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል።

«ይርጋ፣ እንደምን ዋልክ» አለ መምህሩ። ከሰኞው ስድብ ወዲህ በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያለፈው አለፈ። እኔ ተማሪዎቼ ሲቀያየሙ አልወድም። ነገ ጠዋት ወደ ደሴ እንሄዳለን። ከዚህ ትምህርት ቤት አንድ ተጠባባቂ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ፈንታው ቢታመም፣ ክትባቱ ባይደርስ፣ በሱ ምትክ የሚሄድ ማለት ነው። ያንን ስም የምሰጠው እኔ ነኝ። ያንተን ልሰጥ አስቤያለሁ።»

ይርጋ አካፋውን ደለሉ ላይ ተክሎ ቆመ። ልቡ መታች። እንዲህ በቀላሉ መምታቷ አናደደው።

«አንድ ትንሽ ነገር ብቻ እንድትረዳን ነው» አለ መምህሩ። «ንገረው እንጂ ፈንታው።»

ፈንታው ወደ ቦዩ ወረደ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ አላየውም። ከቅዳሜው ወዲህ ከስቷል።

«ያቺ የድልድይዋ ነገር» አለ ቀስ ብሎ። «ያኔ አልጨረስኳትም ብለህ ነበር። አሁን ጨርሰሃት እንደሆነ ነው።»

«ጨርሻታለሁ።»

«እንዴት ነው?»

ያቺ ውሸት ይርጋ ምላስ ላይ ነበረች። በጠራራ ፀሐይ ነው የሚነሱት። ይህችን ብቻ ብትወጣ የቀረው ራሱን ይከተላል፤ ደጋግሞ አሽቷታል። አፉን ከፈተ።

ፈንታው አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። የሚነግረውን ሁሉ እንዳለ ሊወስድ ተዘጋጅቷል። እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ይሁኔ ዘንድ ሄዶ አያጣራም፤ አውቶቡስ ላይ ሆኖ እየደጋገመ ያጠናታል። ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል የለም። ይርጋ ያንን ፊት ከየት እንደሚያውቀው አሰበ። የራሱ ነበር። የዚያን ቅዳሜ ማለዳ እሱም እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ነው የሮጠው።

ያ የሚጣፍጠው ነገር ሆዱ ውስጥ ደረቀ። ንዴቱ ግን አልደረቀም፤ እንዲያውም ጨመረ። የተናደደው እንግዲህ በዚህም ነው፤ ሰውን ሊጎዱ ሲነሱ እንኳ ያ ሰው በረገጠበት የክህደት ኮቴ ላይ መገኘቱ ነው። እውነቱንስ? እውነቱ የሱ ነው። ጎርፍ ውስጥ ቆሞ፣ ጭቃ አፉ እየገባ ያገኛት ናት። እሷን ለዚህ ልጅ የሚሰጥበት ምንም ምክንያት አልታየውም፤ በተጠባባቂም ስም ቢሆን።

«ይርጋ፣ በማርያም» አለ ፈንታው። «ያን ቀን ጠየቁኝ፣ አፌ ላይ የመጣው ያንተ ነገር ሆነ። ልነግርህ ነበር። ሳልነግርህ ዘገየ።»

«ኧረ መልስ እንጂ አንተ» አለ መምህር በለጠ ከላይ ሆኖ። «አፍ የለህም እንዴ? ነገ ጠዋት ስምህን ሳላስገባ ብቀር፣ በኋላ መጥተህ ደጄን እንዳትጠና።»

ይርጋ አካፋውን ከደለሉ ነቀለ። ስለቱን በጠርዙ ሣር ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አድርጎ ጠረገው፤ ትከሻው ላይ አጋደመው። የሚነገር ነገር ቢፈልግ ኖሮ አያጣም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠራቅም ነው የከረመው፤ ለመምህሩም ለፈንታውም በየስማቸው የሚበቃ አለው። አንዱንም አላወጣም።

ከቦዩ ወጥቶ ጠርዙን ይዞ ወደ ላይ፣ ደለሉ ገና ወዳልተነካበት ወገን ሄደ።

«ይርጋ» አለ ፈንታው።

«አንተን እኮ ነው» አለ መምህሩ።

አልዞረም። ትንሽ እንደሄደ ወደ ቦዩ ወረደና አካፋውን ደለሉ ላይ አሳረፈ።